የአለቃችን ክፍል ክረምት

ይድረስ ለእታለም፤ እኅትም እናትም ሆና ላሳደገችኝ።

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር የሚወጋሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም "ምንም አይደል" እያልሽ ትደብቂዋለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ ይለያል ወይስ ክር ባስገባች ቁጥር ሚጢጢን እየጠራች ነው? ጋሼስ፣ ያ እንኳን ሰው በሬውን ሳይቆጣ የሚያርሰው ባልሽ፣ እንዴት ሰነበተ? ሚጢጢስ የፊት ጥርሷ በቀለ? ወይስ ልጅሽ አሁንም በሳቀች ቁጥር አፏን በእጇ ትከድናለች? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን አካሌን ነው። ሆዴን ከጠየቅሽኝ፣ ሬት እንደጠጣ ሰው ነኝ።

ስልክ ብደውልልሽ ይቀል ነበር። ግን አንቺ ስልኩን የምታገኚው ጋሼ ገበያ ወጥቶ ባትሪውን አስሞልቶ ሲመለስ ነው፤ ያኔም ጎረቤቱ ሁሉ ይከብሽና "እኔንም ሰላም በይልኝ" ሲባል ወጉ ሳይጀመር ያልቃል። ይሄ ነገር ደግሞ በጥድፊያ የሚባል አይደለም። ተጽፎ መቀመጥ፣ ሲፈለግም ተመልሶ መነበብ አለበት። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባሻል። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽም ያው የእናንተን ወሬ ያመጣልኝ የጭነት መኪናው ሾፌር ነው።

እሱ ያወራኝን መጀመሪያ ልንገርሽ። በራችን ላይ ቆሞ የሰጠሁትን ውሃ እየጠጣ፣ "እናንተ ሰፈር እኮ ስምህ ገናና ሆኗል" አለኝ። ደስ አለኝ፣ እታለም! ሞኝነቴን ተመልከቺልኝ። ፈገግ ብዬ "ምን ይሉኛል?" አልኩት። "ባለወፍጮው 'ዘራችንን ያስበላን ያ ፊኛ ነፊው ልጅ ነው' ይላል። ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ይስቃል፤ የሚያስፈጨው ያለው ማለቴ ነው" አለኝ። እማዬም ወፍጮ ቤት መሄድ ትታ ሚጢጢን እንደምትልክ፣ የምረቃ ፎቶዬንም ከግድግዳ አውርዳ ሣጥን ውስጥ እንደከተተችው እሱው ነገረኝ። ከዚያ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ብርጭቆዬን መልሶ፣ "በል ደህና ዋል" ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ ባዶውን ብርጭቆ ይዤ አቧራው እስኪሰክን ቆሜ ቀረሁ።

ሬዲዮ ላይ "ዝሩ" ብዬ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም። የተናገሩት አለቃችን ናቸው። "የእኔ ልጅ ያለበት መሥሪያ ቤት ነው፣ እሱ ሳያየው እንዲህ አይባልም" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ የነገረችው ግን እማዬ ናት። በምን አፌ ልፍረድባት? ልጇን አምና ነው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ከእኔ ስሚው።

ሥራዬን በነገርኩሽ ቁጥር "ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ፊኛ ልትነፋ ነው እንዴ?" እያልሽ ትስቂብኛለሽ። ዛሬ ሳትስቂ ስሚኝ። አንዲት የጎማ ፊኛ አለች፤ ስትነፋ ከሰው ቁመት ትበልጣለች። ጎማው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ነጭ ዱቄት ይነሰነስባታል፤ በዚህ ምክንያት ልብሴ ሁልጊዜ ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው ልብስ ይመስላል። "ባለጋዙ" የምንለው ባልደረባዬ ከሲሊንደሩ ጋዝ ይሞላታል። ከሥሯ በረጅም ክር የምትንጠለጠል፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ነጭ ሳጥን አለች። ፊኛዋ ሳጥኗን ይዛ ደመናውን ሁሉ አልፋ፣ አየሩ ሳስቶ ጎማዋን እስኪያፈነዳት ድረስ ትወጣለች። ሳጥኗ በየከፍታው ያለውን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ በሬዲዮ ሞገድ እየላከች ትነግረናለች። ከዚያ ትወድቃለች። እዚህ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ የወደቁትን እየሰበሰበ መስኮቱ ላይ ሰቅሏቸዋል፤ "ከሰማይ የመጣ ዕቃ" እያለ ደንበኛ ይጠራባቸዋል። ከእኛ ሁሉ በእነዚያ ሳጥኖች የተጠቀመው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ድካም ሞንሱን ለሚሉት ነው፤ በየዓመቱ አቅጣጫውን ለውጦ የባሕር እርጥበት ተሸክሞ ለሚመጣው፣ ለእኛ ክረምትን ለሚያስገባልን ነፋስ። ወንዝ ስትሻገሪ አስቢ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። እርጥበቱም እንዲያ ነው፤ ምድር ለምድር ተስቦ ይመጣና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሞላል። ጉልበት ላይ ሳለም ያካፋል፣ ይዘንባልም፤ ሰው ያታልላል። ከላይ የተቀመጠው ደረቅ አየር ግን ያንን ደመና ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ክረምት ገባ የሚባለው እርጥበቱ ከራስ በላይ ሲያልፍ ነው። ከምድር ሆኖ ይህን የሚያይ ዓይን አልተፈጠረም። አባታችን ዕድሜ ልኩን አንጋጦ፣ አንገቱ እስኪጣመም አንጋጦ፣ አላየውም። እኔ የተማርኩት እኮ ሰማዩን አንድ ጊዜ ከውስጥ አይቼ ለአንቺ "አሁን ዝሪ" ልልሽ ነበር። ይህን ሥራ ያገኘሁ ቀን በረንዳው ላይ እንዴት እንደዘለልኩና የሚጢጢን ወንበር እንደሰበርኩ ትዝ ይልሻል? ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ያን ዕለት አለቃችን ሁላችንንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰቡን። ሳጥኗ የላከችው የእርጥበት መስመር ከምድር ጀምሮ እስከ ላይ እርጥብ፣ አሁንም እርጥብ ይላል። አለቃችን በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ "ከራስ በላይ አለፈ፣ ገባ!" አሉ። አጨበጨብን። እኔ ከሁሉም አስበልጬ አጨበጨብኩ። በማግስቱ እሳቸው በሬዲዮ ቀርበው ክረምቱ ጥልቀት ይዞ ስለገባ ገበሬው ሳይዘገይ ዘሩን እንዲዘራ ተናገሩ። ዘራችሁ። ዘነበም፤ በቆሎው ጆሮውን አወጣ። ከዚያ ያለውን እኔ ለአንቺ አልነግርሽም፤ አንቺ ነሽ በየማለዳው እየወጣሽ ያየሽው። ሾፌሩ ግን ማሳው መልሶ አቧራ እንደሆነ፣ ጋሼም ቡቃያውን በጣቱ እየነቀለ ሥሩን አይቶ መልሶ አፈር እንደሚያለብሰው ነገረኝ። የሞተን ነገር አፈር ማልበስ፣ የጋሼ ነገር።

እኔን ያሳበደኝ ታዲያ ምን መሰለሽ? እናንተ ጋ ቡቃያው እየጠወለገ፣ እኛም ጋ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ እየጋለ፣ ፊኛዋ ግን "ከራስ በላይ ነው፣ ከራስ በላይ ነው" ማለቷን አልተወችም። ባለጋዙ "ወይ እሷ ትዋሻለች ወይ ፀሐይዋ" ይላል። አለቃችን "ቆይ፣ ይመጣል" ይላሉ። እኔ እንደምታውቂኝ ቅብጥብጥ ነኝ፤ መቀመጫዬ ላይ እሾህ ያለ ይመስል እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የጥንቱን መስመር ከአሁኑ ጋር አስተያያለሁ። ምንም አይገባኝም።

የአለቃችንን ክፍል አይተሽው አታውቂም። ሥጋ ማቆያ ነው የሚመስለው። ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ያጓራል። ኮምፒውተሩ ሙቀት አይወድም ይላሉ፤ እሳቸው ግን ከኮምፒውተሩ የባሰ አይወዱም። ውጭ ሰው በላብ ሲጠመቅ እሳቸው ሹራብ ደርበው ትኩስ ሻይ ይጠጣሉ። ባለጋዙ "የእኛ ጌታ ክረምት ከገቡ ቆዩ" እያለ ይቀልድባቸዋል። ሳጥኗ የምትዘጋጀው እዚያ ነው። ባትሪዋ ይገባል፣ ትፈተሻለች፣ ፊኛዋ እስክትሞላ ጠረጴዛቸው ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ እኔ ይዣት እሮጣለሁ። በሩን ስከፍት ያ ወፍራም እርጥብ ሙቀት ፊቴን በጥፊ ይለኛል፤ መነጽሬም ወዲያው ጭጋግ ይለብሳል። ሁልጊዜ። ቆም ብዬ በሸሚዜ ጫፍ እጠርገዋለሁ። ባለጋዙም የፊኛዋን አንገት እንዳነቀ "ደግሞ ታወርክ? ና በድምፄ!" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን መነጽሬን ስጠርግ ሳጥኗ ከእጄ ልታመልጥ ሆነ። አየኋት። አልቧታል። ከበረዶ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ጠርሙስ ላብ በላብ ሆናለች። እዚያው በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ባለጋዙ ይጣራል፣ እኔ አልሰማውም። እርጥበት የምትለካዋ የሳጥኗ ክፍል እንደ ሚጢጢ ሎቲ ስስ ናት። ረጥባ ከወጣች እስክትደርቅ ድረስ የምትነግረን የሰማዩን ሳይሆን የራሷን ላብ ነው። ጉልበት ላይ ያለውን እርጥበት አልፋ ደረቁ አየር ውስጥ ገብታም "እርጥብ ነው" ትላለች፤ ልብሱ የበሰበሰ ሰው ዝናቡ ካባራም በኋላ ብርድ ብርድ እንደሚለው። እኔ መነጽሬን እጠርጋለሁ፤ የእሷን ማን ይጥረግላት? ለካ በሬዲዮ ለአገር የታወጀው ክረምት የአለቃችን ክፍል ክረምት ነው!

እየሮጥኩ ገብቼ ነገርኳቸው። አለቃችን ከሻያቸው ቀና ሳይሉ "ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ ጡት አልጣልክም" አሉኝ። ቢያንስ ውጭ ጥላ ሥር እናዘጋጃት ብላቸው፣ "አንተ ደርሰህ እኔን ፀሐይ ልታስመታኝ?" አሉ። የሚረዳኝ ሰው ስፈልግ ሞንሱኑን ከእኛ ጋር ልታጠና ከሩቅ ወደመጣችው እንግዳ ተመራማሪ ሄድኩ። ጨዋ ሴት ናት፤ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ ትሰማለች። ከአንድ ፊኛ ሥር ሁለት ሳጥን እንስቀል አልኳት፤ አንዷ እንደ ልማዷ ከክፍሉ ትውጣ፣ ሌላዋ ግን ጋዝ ቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ አየሩን ትልመድ። ወደደችው። ባለጋዙ "መንታ ያረገዘች ፊኛ አይቼ አላውቅም" እያለ ጋዝ ጨመረላት። ለቀቅናት። ነጭ ሆና፣ ከዚያ ነጥብ ሆና ጠፋች።

ሁለቱም የወጡት አንድ ሰማይ ነው፣ በአንድ ፊኛ። ከቀዝቃዛው ክፍል የወጣችው "ከራስ በላይ" አለች። ጥላ ሥር የቆየችው "ጉልበት" አለች። ሁለቱ መስመሮች እንደተጣሉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ስክሪኑ ላይ ሲሄዱ ሁላችንም አየን።

እታለም፣ አሁን "እሰይ ወንድሜ፣ እውነቱ ወጣ" ብለሽ እልል እንዳትይ። ተመራማሪዋ እጄን ጨብጣ ነቀነቀችው። ትልቅ ግኝት ነው፣ ስሌት ይሠራለታል፣ ያለፈው ሁሉ በኮምፒውተር ይታረማል፣ የጠፋ ነገር የለም አለች። የጠፋ ነገር የለም! አለቃችንም ፊታቸው በራ፤ "ታርሟል ማለት ነዋ!" ብለው ለሁላችንም ሻይ አዘዙ። አየሽ፣ ለቁጥሩ ማረሚያ ተገኘለት። እኔ ሻዬን ይዤ ጋሼን አስበዋለሁ፣ ጎንበስ ብሎ ለሞተ ቡቃያ አፈር ሲያለብስ። እሱን በየትኛው ስሌት እናርመዋለን?

"እንግዲያው በሬዲዮ እንናገር፤ ክረምቱ ገና ነው፣ ዘር የቀረው ሰው ይያዘው እንበል" አልኩ። ተመራማሪዋ ያ የእናንተ የቤታችሁ ጉዳይ ነው ብላ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። አለቃችን በሩን ዘጉ። "ቃሉን የሚያጥፍ መሥሪያ ቤትን ለከርሞ ማን ይሰማዋል? የዘራው ዘርቷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አሉኝ። "ያልዘራውስ?" ብላቸው፣ "ያልዘራማ እኛን ያልሰማ ነው፤ ዕድለኛ ነው" አሉ፤ ይህን ሲሉም አልሳቁም። ከዚያ ድምፃቸውን አለሰለሱ። ኮንትራቴ ከክረምቱ ጋር እንደሚያልቅ፣ አንድ ቋሚ ቦታ እንዳለ፣ እንደኔ ጭንቅላት ያለው ልጅ እንዳያመልጣቸው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። "ብቻ አፍህን ሰብሰብ አድርግ። እዚሁ ቤት የጀመረ ነገር እዚሁ ቤት ይለቅ" አሉ። ቋሚ ቦታ፣ እታለም። እማዬን ሐኪም ዘንድ ወስጄ ዓይኗን የማሳይበት፣ አንቺም ወገብሽን የምታሳርፊበት። ስወጣ መነጽሬ እንደ ልማዱ ጭጋግ ለበሰ፤ ግን አልጠረግኩትም። ምን ላይበት?

ባለጋዙ ነገሩን ሲሰማ "ሞኝ አትሁን፤ አንተ ስለጮህክ አይዘንብ፣ ዝም ስላልክ አያባራ" አለኝ። ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ያተረፍኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ሳጥኗን ከእንግዲህ ጥላ ሥር እንዳዘጋጃት ተፈቅዶልኛል፤ ያውም "በራስህ ፈቃድ ነው፣ እኔ አላዘዝኩም" ተብዬ። ስለዚህ አሁን እውነተኛውን ሰማይ አያለሁ። እስከ ዛሬ ጉልበት ነው። አንዳንድ ቀን ወገብ ይነካና ተመልሶ ይወርዳል። ከዚያ በላይ አላለፈም።

አሁን የደብዳቤዬ ነገር ይኸውልሽ። ሾፌሩ ሰሞኑን እናንተ ጋ እንዳካፋ፣ ሰዉም "አሁንስ እውነት ነው" ብሎ የቀረችውን ዘር ይዞ ሊወጣ እንደሆነ ነግሮኛል። እናንተም ጋ አንድ ጆንያ እንደቀረች አውቃለሁ፤ ጋሼ "ጎረቤት ሲዘራ እኔ እጄን አጣጥፌ ልይ?" እያለ በዙሪያዋ እንደሚሽከረከርም ሰምቻለሁ። በአባታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ የዚያችን ጆንያ አፍ እንዳትፈቺ! እላይዋ ላይ ተኚባት። ያካፋው የጉልበት ዝናብ ነው፤ ያለፈውን ጊዜ ይደግመዋል፣ ከዚህ በኋላ የሚደገም ዘር ግን የላችሁም።

እርጥበቱ ከራስ በላይ ያለፈ ቀን፣ ማንም ሳያውጅ፣ ጋሼ ባትሪ ወደሚያስሞላበት ሱቅ እደውላለሁ። ሰላምታም አልጠይቅ፤ "ፍቱት" ብዬ እዘጋለሁ። ያኔ ለሁሉም ንገሪ። እኔ እዚህ ባልኖርም ባለጋዙ አይቶ ሊነግረኝ ቃል ሰጥቶኛል። እየሰደበኝ ነው የሰጠኝ፤ ግን እሱ የሰጠውን ቃል አያጥፍም።

አንድ ነገር ደግሞ። ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ወፍጮ ቤት ሂጂ። ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ ባለወፍጮው ሞተሩን እንዲያጠፋልሽ ለምኚና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የአለቃዬን ክፍል አትዝለይ፣ ላቡንም፣ ሬዲዮውንም፣ በር ተዘግቶ የተባልኩትንም። ወሬው እግር አውጥቶ እዚህ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ሾፌሩ ብቻውን ይበቃል። ቋሚ ቦታውም ያኔ እላይ እንደደረሰች ፊኛ ጧ ይላል። አስቤበታለሁ። "ትንሽ አስብ" ብለሽ እንዳትመልሺልኝ፤ ደብዳቤሽ እስኪደርስ ዘሩ መሬት ይገባል። "ፊኛ ነፊው ደግሞ ዛሬ አትዝሩ አለ" ብለው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። እየሳቀ ቤቱ ገብቶ የጆንያውን አፍ መልሶ ያሰረ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ለእኔ ቋሚ ቦታዬ እሱ ነው።

እማዬን ሁለት ጉልበቷን ሳሚልኝ። ፎቶዬን ለእኔ ብላ እንዳታወጣው፤ በቆሎው ሲያሸት ራሷ ፈልጋ ትሰቅለዋለች። ጋሼን፣ ታናሽህ ይቅርታ ሳይሆን ትዕግሥት ይለምንሃል በይልኝ። ሚጢጢ ወፍጮ ቤት ስትላክ "የፊኛ ነፊው" ቢሏት ጥርሷ በቀለም አልበቀለም አፏን ሳትከድን "አዎ፣ አጎቴ ነው" ትበላቸው። ባለወፍጮውንም ሰላም በይልኝ፣ የምሬን ነው። እሱም ዘርቶ የከሰረ ሰው ነው፤ የሚሰድበው ሰው ቢያጣ እኔን አገኘ። አንቺን ግን በምን አፌ ሰላም ልበልሽ? ወገብሽን እሰሪ፣ ጆንያዋንም እሰሪ።

ታናሽሽ፣ ፊኛ ነፊው።

ከጣቢያው ግቢ፣ ከጋዝ ቤቱ ጥላ ሥር፣ ሳጥኗ ከጎኔ ቁጭ ብላ አየሩን እየለመደች ሳለ፤ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ተጻፈ።